የኤሌክትሪክ መኪናን ጉዞ መዝግቦ መያዝና ብልሽቱን ከመዝገቡ መለየት፦ በጎጃም መንገዶች ለሚያሽከረክሩ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

«መኪናውን ስገዛ በአንድ ሙሌት 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብዬ ነበር፤ ከባሕር ዳር ሙሉ አድርጌ ተነሥቼ ደብረ ማርቆስ ስደርስ ግን የቀረኝ ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ባትሪው ተበላሽቶብኝ ይሆን?» የሚል ጥያቄ፣ የመኪናው ዓይነትና የመነሻው ከተማ እየተለዋወጠ፣ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂውን «ባለፈው ወር በዚሁ መንገድ ስንት በመቶ ፈጀብዎ?» ብዬ ስመልስለት ቁጥሩን የያዘ ሰው እምብዛም አላገኝም። ቁጥር ከሌለ ደግሞ ጤነኛውን መኪና ከታመመው መለየት አይቻልም። ስለዚህ ይህ መመሪያ በመጀመሪያ መረጃው እንዴት እንደሚያዝ፣ ቀጥሎም ብልሽት ሲታይ ያንኑ መረጃ ይዞ እንዴት ምክንያቱ ላይ እንደሚደረስ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና እስክሪብቶ። በስልክ መመዝገብም ይቻላል፤ ነገር ግን መኪናውን ባል፣ ሚስትና ልጅ እየተፈራረቁ የሚነዱት ከሆነ ከመኪናው የማይወጣ ደብተር ይሻላል።
- በብሉቱዝ የሚሠራ የኦቢዲ ማንበቢያ (ከመኪናው ኮምፒውተር መረጃና የብልሽት ኮድ የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ) እና የመኪናዎን ሞዴል የሚያውቅ የስልክ መተግበሪያ።
- መልቲሜትር (ቮልቴጅ የሚለካ መሣሪያ)።
- የጎማ ነፋስ መለኪያና በመኪናው የ12 ቮልት መሰኪያ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ።
- የአምፔር መጠኑን ዝቅና ከፍ ማድረግ የሚቻል ተንቀሳቃሽ ቻርጀር።
- ባለ 12 ቮልት የባትሪ ማስነሻ።
- መለዋወጫ ፊውዞች፣ የእጅ ባትሪና ደረቅ ጨርቅ።

ማስጠንቀቂያ፣ ከሁሉ በፊት። በኮፈኑ ሥርና በመኪናው ወለል ሥር የሚታዩት ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ወፋፍራም ገመዶች በአብዛኛዎቹ መኪናዎች ከ300 እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ናቸው። ይህ ኃይል ሰውን ሊገድል ይችላል። መኪናው ጠፍቶም ቢሆን በኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ በሚለውጠው ክፍል) ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ኃይል ይቆያል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ብርቱካናማ ገመድ መንካት ወይም የትልቁን ባትሪ ሳጥን መክፈት የሚጠይቅ አንድም ደረጃ የለም፤ ጎረቤትዎ የሆነ የመብራት ሠራተኛ «እኔ እከፍተዋለሁ» ቢልዎም አይፍቀዱለት።

ደረጃ 1፦ የመኪናውን መለያ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ

የሚጻፉት የባትሪው አቅም በኪሎ ዋት ሰዓት፣ የባትሪው ዓይነት፣ የቻርጅ መሰኪያው ዓይነት፣ የጎማው ነፋስ ልክና መኪናውን በተረከቡበት ቀን የነበረው የኪሎ ሜትር ንባብ ናቸው። የጎማው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

የባትሪውን ዓይነት ማወቅ የሚጠቅመው አሞላሉ ስለሚለያይ ነው። ኤልኤፍፒ የሚባለውን ባትሪ (የቢዋይዲ ብሌድ ባትሪ ከዚህ ወገን ነው) በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል እስከ 100 በመቶ መሙላት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ከሙላት እስከ ጉድለት ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ መኪናው የቀረውን መጠን በትክክል የሚያውቀው ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው። ኤንኤምሲ የሚባለው (በቻይና የተሠሩት የቮልስዋገን አይዲ 4 መኪናዎች የሚይዙት) ግን ለዕለት ሥራ 80 በመቶ ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል፤ 100 በመቶ የሚሞላው ለረጅም ጉዞ በሚነሡበት ዋዜማ ነው።

የመሰኪያው ዓይነት የሚጻፈው መንገድ ላይ እንዳይቸገሩ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢ/ቲ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ ሲሲኤስ 2 የተባለውን መሰኪያ ይይዛሉ፤ አንዱ በሌላው አይገባም።

ደረጃ 2፦ የቤትዎን የቻርጅ መስመር ያስተካክሉ

ከሚቀርቡልኝ የ«ብልሽት» አቤቱታዎች ብዙዎቹ ሲፈተሹ የመኪና ሳይሆኑ የቤት መስመር ሆነው ስለሚገኙ በዚህ ደረጃ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ሀ) ከቆጣሪው ወይም ከማከፋፈያ ሳጥኑ ለቻርጀሩ ብቻ የሚሆን ራሱን የቻለ መስመር ያስዘርጉ። ለ16 አምፔር ባለ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ለ32 አምፔር ቢያንስ ባለ 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ግቢው ሰፊ ከሆነና ሽቦው ብዙ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉት። በመስመሩ ላይ ብሬከርና በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ ይግባ። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሰውን የሚጠብቀው የፍሳሽ መከላከያው ነው።

ለ) ኧርዙን (የመሬት መስመሩን) ያስለኩ። ብዙ ቤቶች ሦስተኛው ቀዳዳ ያለው ሶኬት ቢኖራቸውም ከበስተጀርባው የታሰረ ሽቦ የለም። በመልቲሜትር በፌዙና በኧርዙ መካከል ሲለኩ ከፌዝና ከኒውትራል ንባብ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ካላገኙ ኧርዝ የለዎትም ማለት ነው። ቁጥሩ ቢቀራረብም እንኳ ትክክለኛው ማረጋገጫ ባለሙያ በኧርዝ መለኪያ የሚያነበው ኦም ሲሆን፣ ከ10 በታች ቢሆን ይመረጣል። ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር፣ በጥቅምት አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ያለ ችግር ሲሠራ የነበረ ቻርጀር በመጋቢትና በሚያዝያ መሬቱ ሲደርቅ «የኧርዝ ስህተት» እያለ ቀይ መብራት ሊያበራ መቻሉ ነው። ይህ የመኪና ብልሽት አይደለም። የኧርዙ የብረት ዘንግ በተቀበረበት ቦታ ውኃ ቢያፈሱበት ለጊዜው ይመለሳል፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን ዘንጉን ጠለቅ ማድረግ ወይም ራቅ አድርጎ ሁለተኛ ዘንግ ቀብሮ ማገናኘት ነው።

ሐ) የቮልቴጁን መውረድ ይለኩ። ቻርጀሩ ሳይሰካ ሶኬቱን ይለኩና ይጻፉ፤ ቻርጅ ማድረግ ከጀመረ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በማከፋፈያው ላይ እንደገና ይለኩ። ከ220 ተነሥቶ ከ200 በታች ከወረደ መስመሩ ቀጭን ነው ወይም ከምሰሶው የሚመጣው ኃይል ደካማ ነው። በዚህ ጊዜ ቻርጀሩን ከ16 ወደ 10 ወይም ወደ 8 አምፔር ያውርዱት። ዝግ ብሎ የሚሞላ ቻርጀር እየተቋረጠ ከሚነሣው ቶሎ ይጨርሳል።

መ) የሰዓት ምርጫ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ምጣዱና ቻርጀሩ በአንድ ፌዝ ላይ ከተገናኙ ብሬከሩ መውደቁ አይቀርም፤ ካልወደቀ ደግሞ ይባስ፣ ሽቦው ይግላል። ሠፈሩ ሁሉ የሚጠቀምበት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ አልፎ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢያደርጉት ቮልቴጁም የተረጋጋ ይሆናል። በ10 አምፔር በነዚህ ስምንት ሰዓታት ከሶኬቱ 17.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወጣል፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ 15 ያህሉ ባትሪው ውስጥ ይገባል። ይህም ለ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ይበቃል፤ በከተማ ለሚመላለስ ሰው ከበቂ በላይ ነው።

ሠ) በመጀመሪያው ቀን፣ ቻርጅ ከተጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን በእጅዎ ይዳስሱ። ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ እጅ የሚያስነሣ ሙቀት ካለው ወዲያውኑ ያቁሙ። ሶኬቱን ነቅለው ሲያዩት በአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ካገኙት፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተዎት፣ የላላ ብሎን ወይም የሳሳ ሶኬት አለ ማለት ነው። ሶኬቱ ይለወጥ፤ ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፣ የጋለው ብረት መያዝ አቅሙን አጥቷልና።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን ጉዞ በአንድ መስመር ይመዝግቡ

ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቀን፣ ከየት ወደ የት፣ ሲነሡና ሲደርሱ የታየው ኪሎ ሜትር፣ ሲነሡና ሲደርሱ የታየው በመቶኛ፣ የተሳፋሪ ብዛትና ጭነት፣ ዝናብ ወይም ኤሲ ነበረ አልነበረም። ከዚህ የበዛ ዓምድ አያስፈልግም፤ ሲበዛ ሰው ይሰለችና ይተወዋል።

ስሌቱ የሚሠራው የተጠቀሙትን በመቶኛ በባትሪው አቅም አባዝተው፣ በኪሎ ሜትሩ አካፍለው፣ በ100 በማባዛት ነው። ለምሳሌ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ መኪና ይዘው ከባሕር ዳር ዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ከ88 ወደ 64 በመቶ ቢወርድ፣ 24 በመቶው 14.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ይህም በ100 ኪሎ ሜትር 18 ነው። ሲመለሱ ከ64 ወደ 47 ቢወርድ 10.2 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም በ100 ኪሎ ሜትር 12.75 ይሆናል። ሁለቱም የአንድ ጤነኛ መኪና ቁጥሮች ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው ዳንግላ ከባሕር ዳር ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ መገኘቷ ነው። ስለዚህ ማወዳደር ያለብዎት የሄዱበትን ከተመለሱበት ሳይሆን፣ የዛሬውን የዳንግላ ጉዞ ካለፈው ወር የዳንግላ ጉዞ ጋር ነው፤ ወይም የደርሶ መልሱን አማካይ (በዚህ ምሳሌ 15.4) ከሌላ ደርሶ መልስ አማካይ ጋር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ይዞ 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል መባሉ በ100 ኪሎ ሜትር 12 እንኳ አይፈጅም ማለት ነው። ቁጥሩ የተገኘው ሲኤልቲሲ በተባለው የቻይና መለኪያ ሲሆን፣ በዚያ መለኪያ አማካዩ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገትም የለበትም። ከባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ እንጅባራ ላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ወርዶ፣ ደብረ ማርቆስ ለመግባት እንደገና ወደ 2,400 ሜትር የሚወጣ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ቢፈጅ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። 260 ኪሎ ሜትሩ በዚህ ስሌት 44 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ የሚቀረውም ከሩብ ጥቂት የሚበልጥ ነው። የጠያቂው መኪና ደህና ነው።

ደረጃ 4፦ ዳገትና ቁልቁለትን አስቀድመው ያስሉ

ከነተሳፋሪው 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል፤ በሞተሩና በኢንቨርተሩ የሚባክነው ሲጨመር ከባትሪው የሚወጣው 6 ይሆናል። ይህ ለጠፍጣፋ መንገድ ከሚያወጡት በተጨማሪ ነው። ሲወርዱ ሞተሩ እንደ ጄነሬተር ሆኖ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩን ይመልሳል፤ ሁሉንም ግን አይመልስም። (ከፍታችን የሚጠቅመን ነገርም አለ፦ አየሩ የሳሳ በመሆኑ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋው ነፋስ ይቀንሳል፤ ሞተሩም እንደ ቤንዚን መኪና አየር አጥሮት አይደክምም።)

ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዝ ሰው ወሳኙ ቦታ የዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ 1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ፤ ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣሉ። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ለያዘ መኪና መውጫው ብቻ ከ16 እስከ 18 በመቶ ይፈጃል፤ በቁልቁለቱ የሚመለሰው፣ የመንገዱ ፍጆታ ሲቀነስ፣ ጥቂት በመቶ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሙሉ አድርገው ከተነሡ ደጀን ሲደርሱ ከ80 በመቶ በላይ፣ ጎሐ ጽዮን ሲወጡ 70 በመቶ አካባቢ ሊቀርዎት ይገባል። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ያለው 185 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ጎሐ ጽዮን ላይ 60 በመቶ ካልያዙ በፍጥነት አይሂዱ። በመንገድ ላይ ፈጣን ቻርጀር አለ ከተባለም ከመነሣትዎ በፊት ስልክ ደውለው ያረጋግጡ፤ መሣሪያው መኖሩና የሚሠራ መሆኑ ለየቅል ናቸው።

ማስጠንቀቂያ። ደጀን ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልተው ወደ በረሃው አይውረዱ። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል ስለማይቀበል ሞተሩ መያዙን ያቆማል፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚይዘው የፍሬን ሸራ ብቻ ይሆናል፣ ሸራውም ይግላል። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ከ90 በመቶ በታች ይሁኑ፤ የማርሽ መምረጫውን «ቢ» ላይ ወይም የኃይል መመለሻውን ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያድርጉ።

ደረጃ 5፦ በወር አንድ ጊዜ ባትሪውን በኦቢዲ ያንብቡ

ማንበቢያውን ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ ይሰኩ፣ ከስልክዎ ጋር ያገናኙ፣ መኪናው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ካረፈ በኋላ የሚከተሉትን ይጻፉ፦ የባትሪው የጤና መጠን በመቶኛ፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው የሴል (ትልቁ ባትሪ የተሠራባቸው ትንንሽ ባትሪዎች) ቮልቴጅ፣ የባትሪው ሙቀት፣ መተግበሪያው የሚያሳይ ከሆነም የኢንሱሌሽን (ኃይሉ ወደ መኪናው ብረት እንዳያፈስ የሚከላከለው ሽፋን) መጠን።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ የሚናገረው በሴሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁሉም ሴሎች በሰንሰለት ስለተያያዙ የጠቅላላው አቅም የሚወሰነው በደካማው ሴል ነው። ልዩነቱ ከ30 ሚሊ ቮልት በታች ከሆነ መልካም ነው፤ በተመሳሳይ ሁኔታ እየተለካ በየወሩ የሚሰፋ ከሆነ፣ በተለይ 100 ካለፈ፣ ለባለሙያ የሚቀርብ ጉዳይ ነው። በኤልኤፍፒ ባትሪ ልዩነቱ መሃል ላይ ተደብቆ የሚቆይ ስለሆነ ሊሞላ ሲቃረብና ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ያንብቡት፤ በሙላቱ ጫፍ ላይ ግን ሴሎቹ እስኪመጣጠኑ ድረስ ለአጭር ጊዜ መስፋቱ ስለማይቀር ቻርጁ ከቆመ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመው ያንብቡ።

አንብበው ሲጨርሱ ማንበቢያውን ይንቀሉ። ተሰክቶ ከከረመ ትንሹን፣ ባለ 12 ቮልቱን ባትሪ ያደርቃል።

ደረጃ 6፦ ትንሹን ባትሪ አይርሱ

መኪናውን «የሚያስነሣው» ትልቁ ባትሪ ሳይሆን ባለ 12 ቮልቱ ነው፤ ኮምፒውተሮቹንና የትልቁን ባትሪ ማገናኛ የሚያነቃው እርሱ ነውና። በመሆኑም ትልቁ ባትሪ 80 በመቶ ሞልቶ ሳለ መኪናው በሩን እንኳ አልከፍትም ሊል ይችላል።

መኪናው አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ፣ በሩ ከመነካካቱ በፊት በመልቲሜትር ይለኩ። የተለመደው የሊድ ባትሪ ከሆነ 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.2 አካባቢ ግማሽ ነው፤ 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሊጥልዎት ተቃርቧል። ቀጥሎ መኪናውን ለመንዳት ዝግጁ አድርገው እንደገና ይለኩ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ይህን ካላሳየ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን ከትልቁ ባትሪ ወደ ትንሹ ኃይል የሚያሳልፈው መለወጫ ነው፤ ባትሪ ገዝቶ መለወጥም ገንዘብ ማባከን ይሆናል። (አንዳንድ ሞዴሎች ትንሹ ባትሪያቸው ሊቲየም በመሆኑ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ።)

ለማስነሣት የ12 ቮልት ማስነሻውን ወይም የሌላ አነስተኛ መኪና ባትሪ ይጠቀሙ። ከጭነት መኪና አይበደሩ፤ ብዙዎቹ በ24 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ የመኪናዎን ኮምፒውተሮች ያቃጥላሉ። በኤሌክትሪክ መኪናዎ የሌላ ሰው መኪና ሞተር ለማስነሣትም አይሞክሩ፤ መለወጫው ለሞተር ማስነሻ የሚሆን አምፔር መስጠት አይችልም።

ደረጃ 7፦ የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ

በመጀመሪያ ዳሽቦርዱን በስልክ ፎቶ ያንሡ፣ ጽሑፉ በቻይንኛም ቢሆን። ከዚያ ትንሹን ባትሪ ይለኩ፤ የቮልቴጁ መውረድ ብቻውን ብዙ የማይዛመዱ መብራቶችን በአንድ ጊዜ ያበራልና። ቀጥሎ ኮዱን በኦቢዲ አንብበው ይጻፉ፤ ሳይጽፉ አያጥፉት፣ መካኒኩ የሚጀምርበትን ፍንጭ ያጠፉበታልና። ከዚያ መኪናውን አጥፍተው፣ በሩን ቆልፈው፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያስነሡ። መብራቱ ተመልሶ ካልበራ ሊነዱት ይችላሉ፤ ተመልሶ ከበራ ግን ከሚከተሉት ወደሚመስለው ይሂዱ።

*ፍጆታው ጨምሯል፣ መብራት ግን የለም።* ደብተሩ በተመሳሳይ መንገድ ከ10 በመቶ በላይ ጭማሪ ካሳየ የጎማ ነፋስ ይለኩ። ነፋሱ ልክ ከሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳይነኩ ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ አራቱም ቸርኬ ያስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ወይም ኩሽኔታው ሊያልቅ ነው። በክረምት ፍሬን መያዝ የተለመደ ነው፤ መኪናው በብዛት በሞተሩ ስለሚይዝ ሸራና ዲስኩ ሥራ ፈትተው ይዝጋሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ማርሹን ኒውትራል አድርገው ጥቂት ጊዜ ጠንከር ብለው ፍሬን ቢይዙ ዝገቱ ይጠረጋል። ፖርቶመጋላ ላይ የተጫነ ዕቃም በአስፋልት ላይ ፍጆታውን በጉልህ ይጨምራል።

*ቻርጅ ይጀምርና ይቆማል።* ያንኑ ቻርጀር በሌላ ቤት ይሞክሩ፤ ቀጥሎ በራስዎ ቤት የሌላ ሰው ቻርጀር ይሞክሩ። ችግሩ ከቤቱ፣ ከቻርጀሩና ከመኪናው የየትኛው መሆኑ በነዚህ ሁለት ሙከራዎች ይለያል። በጄነሬተር ሲሞሉ ብቻ የሚቆም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጄነሬተሩ ኧርዝና ኒውትራል ስላልተገናኙ ነው፤ ግንኙነቱን የመብራት ባለሙያ ይሥራው።

*የኢንሱሌሽን ማስጠንቀቂያ።* ይህ ከከፍተኛው ቮልቴጅ ወደ መኪናው ብረት የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ስለሆነ አይናቅም። መቼ እንደሚበራ ይከታተሉ፦ ሲሰካ ብቻ ከሆነ የመሰኪያው ቀዳዳ እርጥበት ወይም ቻርጀሩ ነው፤ ኤሲ ሲከፈት ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኤሲው መጭመቂያ ይሄዳል፤ ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ መጥቶ ሲደርቅ የሚጠፋ ከሆነ ውኃ የሚያስገባ ማገናኛ አለ። ሁልጊዜ የሚበራ ከሆነ መኪናውን አይንዱት፣ ቻርጅም አያድርጉት።

*ኃይሉ ቀንሷል፣ የኤሊ ምልክት በርቷል።* ባትሪው ከ10 በመቶ በላይ እያለ ይህ ከመጣ ሙቀቱን በኦቢዲ ይዩ። በብዙ ሞዴሎች ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው የኤሲው ጋዝ ስለሆነ፣ ኤሲው የደከመ መኪና በረጅም ዳገት ላይ ራሱን ለመጠበቅ ኃይል ይቀንሳል። ፒስታ መንገድ የሚያዘወትሩ ከሆነ የፊት ራዲያተሩን በአቧራ መደፈን ያጣሩ። የማቀዝቀዣ ፈሳሹ ከጎደለ በመጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ይጨምሩ፤ የቧንቧ ውኃ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ኩላንት አይቀላቅሉ።

በብዛት የሚፈጸሙ ስህተቶች

ቻርጀሩን በዲቫይደር መሰካት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ዲቫይደር ለስልክና ለቴሌቪዥን እንጂ 10 አምፔር ሌሊቱን ሙሉ እንዲሸከም አልተሠራም። በዳሽቦርዱ ላይ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይቀርዎታል» የሚለውን ግምት አምኖ መነሣትም አብሮ ይቆጠራል፤ ግምቱ ያለፈውን መንገድ እንጂ የሚመጣውን ዳገት አያውቅም፣ ከእንጅባራ ወርዶ ባሕር ዳር የገባ መኪና በማግስቱ ሲወጣ የሚያሳየው ቁጥር ሁሌም የተጋነነ ነው። ባትሪውን ከ10 በመቶ በታች አድርሶ ለሳምንታት ማቆም፣ የመኪናውን ሥር በከፍተኛ ግፊት ውኃ ማሳጠብ፣ ጥልቀቱ ያልታወቀ ጎርፍ ውስጥ መግባት፣ ኮረኮንች ላይ ወለሉ ከድንጋይ ጋር ከተጋጨ በኋላ ሳያዩ ቻርጅ ማድረግ፣ እነዚህም ይወገዱ። ወለሉ ከተመታ ቁልቁል ገብተው በእጅ ባትሪ ይዩት፤ የባትሪው ሽፋን ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከተሰነጠቀ በባለሙያ ሳይታይ አይሰካ።

ደረጃ 8፦ ወደ ጋራዥ ሲወስዱ

የቆመ የኤሌክትሪክ መኪና በገመድ አይጎተትም። ኃይል የሚያገኙት ጎማዎች ሲሽከረከሩ ሞተሩ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ኢንቨርተሩን ሊያበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ አራቱም ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው በሎቤድ ወይም በጭነት መኪና ላይ ይጫን።

ከመኪናው ጋር የዳሽቦርዱን ፎቶ፣ የጻፉትን ኮድ፣ ያለፉትን ሦስት ወራት የኦቢዲ ንባቦችና ችግሩ ከመጣበት ሳምንት የጉዞ መዝገብ ይዘው ይሂዱ። መካኒኩን ብርቱካናማ ገመዶችን ከመንካቱ በፊት የአገልግሎት መሰኪያውን (የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚያቋርጠውን) ነቅሎ፣ ኃይሉ እስኪወርድ ጠብቆ፣ ዜሮ መሆኑን ለክቶ እንደሚጀምር ይጠይቁት፤ የ1,000 ቮልት ጓንቱንም እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ጓንት የሌለው ከሆነ ጎማና ፍሬን ያሠሩበት፤ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ግን ለሌላ ያቆዩት። ሥራው ሲያልቅ የተለወጠውን ዕቃ ስም፣ ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ በዚያው ደብተር ላይ ያስፍሩ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም በለመዱት መንገድ ነድተው ፍጆታው ወደ ቀድሞው ቁጥር መመለሱን ያመሳክሩ። ካልተመለሰ ሁለቱን ገጾች ይዘው ወደዚያው ጋራዥ ይመለሱ።